ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ፍል ውሃው፦ ወንዙን መቼና እንዴት እንሻገር?

የብርዱ አገር ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ከጓደኞቼ ጋር በአንኮበር በኩል ወደ ቆላው ወርደን፣ ከአልዩ አምባ ወዲያ ያለችውን ፍል ውሃ ለማየት አስበናል። መኪና የሚደርሰው ግማሽ መንገድ ነው አሉን። ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ ወንዙንም ደጋግሞ መሻገር አለ። እዚያው አድረን በማግስቱ እንመለሳለን።

ያስቸገረን የወንዙ ነገር ነው። አንዱ «ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም፣ ሱሪ ሰብሰብ አድርጎ ማለፍ ነው» አለን። ሌላው «ወገብ ድረስ ነው፣ ገመድ ከሌላችሁ እንዳትሞክሩት» አለን። ሁለቱም ሄደው ያዩ፣ የማይዋሹ ሰዎች ናቸው። ሐሳባችን የካቲት መጨረሻ ላይ ለመሄድ ነው። ከመሃላችን ዋና የማይችሉ አሉ። ማንን እንመን? የምታውቁ እባካችሁ ዘርዝሩልን።

የአልዩ አምባ ልጅ

ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ በታኅሣሥ ሄዶ ይሆናል፣ ሌላው በሚያዝያ። ምናልባትም በአንድ ቀን ሄደው አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ ተሻግሮ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንኮበርና ጣርማበር ያሉበት ተራራ የደጋው ጫፍ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ገደሉን በጥቂት ሰዓት ጨርሶ ቆላችን ይገባል። ከሰምም፣ ሮቢም፣ ጀውሃም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁሉም ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት። ቁልቁለቱ ይበዛል፣ መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ዛፉም ተመናምኗል። ዝናቡን ያዝ የሚያደርግ ነገር የለም። ስለዚህ እናንተ ቆላው ላይ ፀሐይ እያቃጠላችሁ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣባችሁ ይችላል። የዘነበው ደጋው ላይ ነዋ! እኛ ልጆች ሆነን ከብት ስንጠብቅ መጀመሪያ የሚነገረን «ወደ አንኮበር ቀና ብለህ እይ» የሚል ነበር። ደመናው ተራራው ላይ ከጠቆረ ከብቱን ከወንዙ ወዲህ መልሰን ነበር የምንጠብቀው።

ደጋው ላይ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ሲመሽ ወይም ሌሊት ነው። ስለዚህ ወንዝ የሚሻገሩት ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሳችሁ ውሃውን ከጠረጠራችሁት ወዲህ ማዶ እደሩ። የአገሬው ሰው እንኳ ያድራል።

የካቲት መጨረሻ ያላችሁትን ብታስቡበት ደስ ይለኛል። በልግ የሚገባበት ጊዜ ነው። የሸዋ በልግ ደግሞ አመል የለውም። አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል፣ አንዳንድ ዓመት በአንድ ሌሊት ወንዝ ይሞላል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ክረምቱን፣ ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ አታንሡት።

መንገድ ወዳጅ

እኔ ግን በበልግ ወርጄ ምንም አልገጠመኝም። ሣሩ አረንጓዴ ነው። ሰውን ባናስፈራራ ጥሩ ነው። ደፈር ብሎ መሻገር ነው።

ገመድና ዱላ

መንገድ ወዳጅ፣ በሰላም መመለስህ ደስ ይላል። ግን ያን ዕለት ደጋው ላይ አልዘነበም ማለት ነው እንጂ ወንዙ ደህና ነው ማለት አይደለም። ድፍረት ደግሞ ውሃ ላይ አይሠራም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት በቀላሉ ያለፍከው ቦታ ዛሬ ትንሽ ፈጠን ካለ አቅምህ አይችለውም። ጥልቀቱ ላይለወጥ ይችላል፣ የሚጥልህ ፍጥነቱ ነው።

ለጠያቂው ወንድማችን እኔ የማደርገውን ልንገርህ። መልካው፣ ማለት የወንዙ መሻገሪያ፣ ላይ እንደደረስኩ አልገባም። ቦርሳዬን አውርጄ ወንዙን ወደ ላይም ወደ ታችም እየሄድኩ አያለሁ። ሰው ብዙ ጊዜ ጠባቡን ቦታ ይመርጣል፤ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላላ። ጠባብ ቦታ ግን ውሃው ጥልቅና ፈጣን ነው። ሰፊውን፣ ውሃው ተዘርግቶ የሚፈስበትን፣ መሃሉ ላይ የጠጠር ደሴት ያለበትን ፈልግ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ አይሆንም፤ ከመታጠፊያው በውጭ በኩል ውሃው ዳሩን ቦርቡሮታል። ከዚያ ቁልቁል ተመልከት። ብወድቅ የት ነው የሚወስደኝ? ፏፏቴ ካለ፣ ቋጥኝ የተደራረበበት ካለ፣ ወይም የወደቀ ዛፍ ካለ ሌላ ቦታ ፈልግ። ዛፉ በተለይ ክፉ ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን እዚያው ተይዞ ይቀራል።

እንጨት ወርውርና አብረኸው በዳሩ ሂድ። እንጨቱ ከእርምጃህ ከቀደመህ ያ ውሃ ለመሻገር አይሆንም። ፈጣን ውሃ ከጉልበት በላይ ከሆነም አይሆንም። ውሃው ውስጥ ድንጋይ ሲንከባለል የሚሰማ ጉርምርምታ ካለማ ዳሩ ላይም አትቁም።

ስትሻገር ጫማህን አታውልቅ። በባዶ እግር የሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ መቆም አይቻልም፤ እግር ከተጎዳ ደግሞ መመለሻውም ችግር ነው። የአገሬው ሰው በኮንጎ ጫማ ነው የሚሻገረው፣ እውነቱን ነው። የቦርሳህን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍታው፤ ከወደቅህ በአንድ ጊዜ መጣል አለብህ። ጋቢና ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ እርጥብ ጋቢ ሰው ይጎትታል። ፊትህን ወደ ውሃው መምጫ አዙር፣ ጠንካራ ዱላ ከፊትህ ትከል፣ ተደግፈህ ወደ ጎን ተራመድ። አንዱ እግር ሳይረጋ ሌላውን አታንሣ። ዋና የማይችሉትን በመሃል አድርጋችሁ ትከሻ ለትከሻ ተያይዛችሁ እለፉ፤ ከባዱና ጠንካራው ሰው ውሃው በሚመጣበት በኩል ይሁን።

ከወደቅህ ለመቆም አትታገል። እግርህ ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው በአፍህ ይደፋሃል። በጀርባህ ተንጋለል፣ እግርህን ወደሚወስድህ አቅጣጫ ዘርጋ፣ በእጅህ እየቀዘፍህ ወደ ዳር ተጠጋ። ውሃው ጥልቀት ሲያጣ ያን ጊዜ ትቆማለህ።

የብርዱ አገር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ገመድና ዱላ። ታዲያ ገመዱስ? ረጅም ገመድ ገዝተናል። አንዱ ጎበዝ ዋናተኛ ይዞት ይሻገርና ሌሎቻችን ወገባችን ላይ አስረን እንለፍ ብለን ነበር።

ገመድና ዱላ

ወገባችሁ ላይ አትሰሩት! እባካችሁ። የታሰረ ሰው ከወደቀ ገመዱ ይወጠራል፣ ውሃው ከላይ ይጫነዋል፣ ሰውየው ከውሃው ሥር ይቀራል። ሳብ ባደረጋችሁት ቁጥር ይብስበታል። ገመድ ያለ ሥልጠና ወንዝ ላይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ገመዱ ለሻንጣ ማሻገሪያና ለድንኳን ይሁናችሁ። «ያለ ገመድ አይቻልም» የሚባል ውሃ ካጋጠማችሁ መልሱ ገመድ ሳይሆን መመለስ ነው።

ነርሷ ከሮቢት

የምሠራው ቆላው ላይ ነው። ስለ ወንዙ በቂ ተብሏል፤ እኔ ሰው ረስቶት ስለሚሄደው ልጻፍ።

መጀመሪያ ወባ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ወባ አታውቁም። ፍል ውሃው ያለበት ግን ወባማ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ ከበልግ በኋላም እንደገና ያንሠራራል። አጎበር ያዙ፣ ሲመሽ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። መከላከያ መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት የጤና ባለሙያ አማክራችሁ ውሰዱ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው» አትበሉ። ጤና ጣቢያ ሂዱና «ቆላ ወርጄ ነበር» በሉ። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይናገሩ ቀርተው የተጎዱ ደገኞች አይቻለሁ።

ሁለተኛ ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ በቆዳ የሚገባ ትል። ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ረጋ ባለ የወንዝ ዳር ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ፈጥናችሁ መሻገር አንድ ነገር ነው፤ ኩሬው ውስጥ መዋኘትና መቀመጥ ሌላ ነው። መድኃኒት አለው፣ ግን መመርመር አለባችሁ።

ፍል ውሃው ላይ ደግሞ፦ ጭንቅላታችሁን አትንከሩ፣ በአፍንጫችሁ ውሃ አታስገቡ። ሙቅ ውሃ ውስጥ የምትኖር በአፍንጫ ገብታ አንጎል የምታጠቃ አሜባ አለች። በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ ከያዘ ግን የሚተርፍ ሰው ጥቂት ነው። እርጉዞች፣ የልብና የደም ግፊት ሕመምተኞች ሙቁ ውስጥ አይግቡ። ሌሎቻችሁም ከሩብ ሰዓት በላይ አትቆዩ። መንገድ ሄዶ የደከመ፣ ውሃ የጠማው ሰው ሙቅ ውስጥ ተዘፍዝፎ በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል ራሱን ይስታል። መጀመሪያ ጠጡ፣ አረፍ በሉ፣ ከዚያ ግቡ። ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር።

ድንጋይ አጥኚ

የነርሷን ምክር ላጠናክር። ውሃውን አትጠጡት፣ ሻይም አታፍሉበት። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፣ ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ይብስ ይከማቻል።

ከየት ነው የሚሞቀው ለሚል፦ ከደጋው ጫፍ ቁልቁል ስታዩ የምታዩት ገደል ተራ ገደል አይደለም። መሬት ተሰንጥቆ ምሥራቁ የወረደበት የስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ በስንጥቁ ወደ ጥልቅ ይሰርጋል፣ እዚያ ከጋለው ዓለት ይሞቃል፣ ቆላው ላይ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ወንዛችሁን የሚሞላውም ፍል ውሃችሁን የሚመግበውም ያው የደጋ ዝናብ ነው። አንዱ በሰዓታት ይደርሳል፣ ሌላው ረጅም ዘመን ከመሬት ሥር ቆይቶ።

በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፋን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ከዶፋን እንፋሎትና አፈር ሲፈናጠር በቪዲዮ አይተናል። እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ የፍል ውሃን ሙቀትና ፍሰት ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ «አምና ገብቼበታለሁ» ብሎ ዘሎ መግባት አይገባም። ቴርሞሜትር ያዙ፤ ርካሽ ነው። 40 ዲግሪ ድረስ ለገላ ይሆናል። 60 ዲግሪ ውሃ ግን 5 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፣ በዓይን ሲታይ ደግሞ ከሌላው አይለይም። ምንጩ አፍ ላይ አትቁሙ። ዳሩ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ጠንካራ ይመስላል፣ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ከወንዙ ጋር የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ እጃችሁን እያስቀደማችሁ ፈልጉ።

እትዬ ከመንዝ

ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላንሣ። ስለ ውሃው ብዙ አላችሁ፣ ስለ ሰዉ ግን አላነሣችሁም። ፍል ውሃ እኛ አገር መዝናኛ ብቻ አይደለም። የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ይወስዱበታል። ወገቡ የተያዘ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ሐኪም ቤት ተመላልሶ የሰለቸው ሁሉ እዚያ ሰንብቶ ይታጠባል። እኔም እናቴን ይዤ ሄጃለሁ፤ በሌላ አቅጣጫ፣ ሌላ ፍል ውሃ ነው። ወጣቶች ሙዚቃ ከፍተው፣ የሽንት ቤት ነገር ሳያስቡ፣ የሳሙና ወረቀት ጥለው ሲሄዱ አይቼ አዝኛለሁ። በሽተኛ ካለ ቅድሚያ ስጡ። የወንዶችና የሴቶች ሰዓት ካለ ጠይቁና ጠብቁ። ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፤ ገላውን የሚታጠብ ሰው ነው።

አዲስ አበባም እኮ የተቆረቆረችው ፍል ውሃ ዳር ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት የነበረው ውሃ ነው ለከተማዋ መነሻ የሆነው። ዛሬ ያ ምንጭ በግንብ ተከቧል። የእናንተዋ ገና እንደተፈጠረች ናትና እንደነበረች ተዉአት።

የአልዩ አምባ ልጅ

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልን። የልቤን ነው የተናገሩልኝ። እኛም ዘንድ የሴቶች ሰዓትና የወንዶች ሰዓት አለ። የቦታውን ትክክለኛ ምልክት እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው። ጂፒኤስ ተከትሎ የመጣ ሰው ማንንም አይጠይቅም። ጠይቆ የመጣ ሰው ግን ቡና ጠጥቶ፣ መልካው ዘንድሮ የት እንደሆነ ሰምቶ ነው የሚወርደው።

መልካ ይለወጣል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ጠጠሩን እያነሣ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። አምና የተሻገርንበት ዘንድሮ ገንዳ ይሆናል። ይህን የሚያውቀው በየሳምንቱ ለገበያ የሚሻገር ሰው ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ዋና ከተማ ሳለች፣ ከሐረርና ከባሕር በኩል የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ አልዩ አምባ ነበር የሚያርፈው። ቡናውም፣ ጨርቁም፣ አሞሌ ጨውም በዚህ በኩል ነው ያለፈው። ያ ሁሉ ጭነት ይንቀሳቀስ የነበረው የአገሬውን ሰው እየጠየቀ ነው።

ስለዚህ መንገድ መሪ ያዙ። ከተማ ላይ ሳይሆን እዚያው ከሚኖሩት፣ አርጎባም ይሁን አማራ፣ ወንዙን በየጊዜው ከሚሻገሩት። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ምሳና እራቱንም አስቡለት። «አይሆንም፣ እንመለስ» ካለ አትከራከሩት። ለቀበሌው ማን እንደሆናችሁና ስንት ቀን እንደምትቆዩ ንገሩ፣ መታወቂያ ያዙ። የመንገዱን ሰላምም በዚያው ሰሞን አጣሩ፤ ያለንበትን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን፣ የባለፈው ወር ወሬ ለዚህ ወር አይሠራም።

ስትወርዱ ቁልቁለቱ ጉልበት ይበላል፣ ስትመለሱ ግን ነው ጉዱ። ሙቀቱ ከአራት ሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ገና ሳይነጋ ተነሡ። ውሃ ከላይ ይዛችሁ ውረዱ። በሶና ቆሎ ይበቃል፣ ሥጋ አትያዙ፣ ይበላሻል።

መንገድ ወዳጅ

ያልኩትን አነሣለሁ። ደጋው ላይ ዘንቦ እንደሆነ ደውሎ መጠየቅን አላሰብኩትም ነበር። አንኮበር ዘመድ ስላለኝ ከአሁን በኋላ እንደዚያ ነው የማደርገው።

የብርዱ አገር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀኑን ለወጥነው። የካቲትን ትተን ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ላይ እንሄዳለን። አንኮበር ያለ ጓደኛችን በየዕለቱ ስለ ዝናቡ ይደውልልናል። ስንመለስ እጽፋለሁ።

የብርዱ አገር ልጅ

ተመልሰናል፣ ሁላችንም ደህና ነን። ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም ያየነውን ልጻፍ።

ወንዙ በአብዛኛው ከጉልበት በታች ነበር። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ድንጋዩ ይታያል። መሪያችን በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ «አባ» እያልን ነው የተከተልናቸው። የመጀመሪያው መልካ ላይ እንደደረስን ያደረጉት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ውሃው ዳር፣ ልክ ውሃውና ደረቁ የሚገናኙበት ላይ፣ ነጭ ድንጋይ አስቀመጡ። ተቀመጥን። ቆሎ በላን። ቆይተው ድንጋዩን አዩት። ውሃው አልነካውም። «አይጨምርም፣ እንለፍ» አሉ። በየመልካው እንዲሁ አደረጉ። ማታም ካደርንበት በታች እንዲሁ ምልክት አስቀምጠው ተኙ። ያደርነው ወንዙ ዳር ካለው አሸዋ ላይ አይደለም፤ አሸዋው ለመተኛት ይመቻል፣ ግን የወንዙ መንገድ ነው። ከላይ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ገለባ አሳዩን። ክረምት ላይ ውሃው እስከዚያ ደርሶ የተወው ነው፣ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ከዚያ በላይ ወጥተን ድንኳን ተከልን።

አንድ መልካ ላይ ግን አልተሻገርንም። ጠባብ ነበር፣ ውሃው እስከ ጭን ይደርሳል፣ ከሥሩ የወደቀ ግራር አለ። ዋና ከማይችሉት ጓደኞቻችን አንዷ «እኔ እዚህ አልገባም» አለች። ማንም አልተከራከራትም። አባ በዳገቱ ዞረው ሌላ መንገድ አሳዩን፤ ረጅምና እሾሃማ ነው፣ ግን ደረቅ ነው።

ፍል ውሃዋ እንደተባለው ናት። ስንደርስ ከሩቅ የመጡ ታማሚ ሰውዬና ልጃቸው ነበሩ። ተራቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ጠበቅን፣ ሰውየውን ደግፈን ለማውጣት አገዝን። ምንጩ አፍ ላይ ቴርሞሜትራችን ለገላ የማይሆን ሙቀት ነው ያሳየው። ከወንዙ ጋር የተቀላቀለበት ቦታ ላይ ግን በጣም ደስ ይላል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ እዚያ መቀመጥን በቃል መግለጽ ይከብደኛል። የሚያሳዝነው የፕላስቲክ ጠርሙሱና የሳሙና ወረቀቱ ነው። የቻልነውን ለቅመን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ወጣን። የምትሄዱ ሰዎች ባዶ ከረጢት ያዙ፣ አሁንም ብዙ ቀርቷል።

ነርሷ ከሮቢት

እንኳን በደህና ገባችሁ። ትኩሳት ካለ አሁንም ያልኩትን አትርሱ።

ገመድና ዱላ

የነጩን ድንጋይ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ለምወስዳቸው ሁሉ አስተምራለሁ። ያቺን ጓደኛችሁንም ሰላም በሉልኝ። ግራሩ ያለበት መልካ ከፍል ውሃዋ በላይ ነው ወይስ በታች?

የብርዱ አገር ልጅ

በታች ነው፣ ከአልዩ አምባ ሲኬድ ከፍል ውሃዋ በፊት የመጨረሻው።

የአልዩ አምባ ልጅ

ይህን ውይይት አሁን ለምታነቡ፦ ከትናንት ጀምሮ አንኮበር ላይ ዘንቧል፣ ዛሬ ጠዋት ወንዛችን ደፍርሷል፣ ቅጠልና ጭራሮም ይዞ ወርዷል። ገበያተኛው ወዲያ ማዶ ቆሟል። ግራሩን ውሃው ወስዶት እንደሆነ አይቼ እጽፋለሁ። በዚህ ሳምንት ለመውረድ ያሰባችሁ አቆዩት።